ደረት ሲጫን፣ ከዚያም በኋላ፦ ስለ ሃርት አታክ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዕትም አምዱን ሙሉ ለሙሉ ለልብ ሰጥተነዋል። የመድኃኒት መጠን በጠቀስንበት ቦታ ሁሉ የተለመደውን መጠን ነው የጻፍነው፤ የእርስዎን የሚወስነው የሚከታተልዎት ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ «የልብ ድካም»፣ «ሃርት አታክ»፣ «ልቡ ቆመ» የሚሉትን ሰው ሁሉ እያቀላቀለ ያወራቸዋል። በእርግጥ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው የሚደረገው ነገር ስለሚለይ፣ ስማቸውን ማቀላቀል አንዳንዴ ሰው ያስጠፋል።

ሃርት አታክ የቧንቧ ችግር ነው። ልብ ሌት ተቀን ደም ሲረጭ ቢውልም በጓዳዎቹ የሚያልፈው ደም ጡንቻውን አይመግበውም። ጡንቻው የሚመገበው ከላዩ በተዘረጉ የራሱ የደም ቧንቧዎች ነው። ዋና ዋናዎቹ እንኳ ስፋታቸው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በእነዚህ ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ ስብ ለዓመታት ይጠራቀምና በስስ ሽፋን ተሸፍኖ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ሰውነት ስንጥቁን እንደ ማንኛውም ቁስል ቆጥሮ ደሙን እዚያው ያረጋዋል፤ የረጋው ደም ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ቧንቧውን ሊደፍነው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ ቧንቧውን ክፉኛ ያጠበበው ክምችት አይደለም። የቧንቧውን ግማሽ እንኳ ያልዘጋ፣ ለስለስ ያለ ክምችት ሊሆን ይችላል። ትናንት ደረጃ ሲወጣ ምንም ያልተሰማው ሰው ዛሬ ድንገት የሚታመመው ለዚህ ነው። «ጤነኛ ነበርኩ» ማለቱ ውሸት አይደለም፤ ምልክት ለመስጠት የሚበቃ ጥበት አልነበረውም።

ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ 20 ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። ሞቱ ከውስጠኛው የጡንቻ ክፍል ተነሥቶ በሚቀጥሉት ሰዓታት ወደ ውጭ እየገፋ ይሄዳል። ሐኪሞች ስለ ደቂቃ አጥብቀው የሚያወሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቧንቧው ቶሎ ከተከፈተ ከሞት የሚተርፈው ጡንቻ ይበዛል።

የልብ ድካም ሌላ ነው። ልብ በቂ ደም መርጨት ሲያቅተው ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል፣ ተኝቶ መተንፈስ ይከብዳል። ሃርት አታክ ብዙ ጡንቻ ካጠፋ በኋላ ሊከተል ይችላል፤ በደም ግፊት ወይም በቫልቭ ችግርም ይመጣል። ልብ ቆመ የሚባለው ደግሞ የኤሌክትሪክ ችግር ነው፦ ምቱ ተዘበራርቆ ልብ ደም መርጨት ያቆማል፣ ሰውየው ራሱን ይስታል፣ በትክክል አይተነፍስም። ሃርት አታክ የያዘው ሰው ያወራል፣ ይቀመጣል፣ ሕመሙን ይናገራል፤ ነገር ግን በማንኛውም ደቂቃ ልቡ ሊቆም ይችላል። ብቻውን መተው የሌለበትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 54 ዓመቱ ነው። የጨጓራ ሕመም አለበት። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ደረቱን መሐል ለመሐል ከብዶት፣ ላብ አጥምቆት ተነሣ። የጨጓራ መድኃኒቱን ወስዶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተሻለው። አሁን ደህና ነው። ልጨነቅ ይገባኛል?

መልስ፦ ይህን ሲያነቡ ገና ያልተመረመረ ከሆነ ዛሬውኑ ይውሰዱት። መጥቶ የሄደ ሕመም ያለፈ አደጋ ነው ማለት አይደለም። የረጋ ደም ቧንቧውን ዘግቶ በራሱ ሊከፍተው፣ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ጨርሶ ሊደፍነው ይችላል። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ መሻሉም ሕመሙ የጨጓራ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ የልብ ሕመምም በራሱ ጊዜ ጋብ ይላል።

የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ እንደ መውጋት ሳይሆን እንደ መጫን፣ እንደ መጨምደድ፣ እንደ ማፈን ይሰማል። ሰዎች ሲያስረዱ ጣታቸውን ሳይሆን መላ መዳፋቸውን ወይም ጭብጣቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ሁለቱም ክንዶች፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ ወይም ወደ እምብርት በላይ ይሠራጫል። ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር አብሮት ሲመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የጨጓራው ይበልጡን የሚያቃጥል ሲሆን ከምግብና ከመተኛት ጋር ይያያዛል። ይህ ልዩነት ግን በወረቀት ላይ እንጂ በሌሊት፣ በሕመም መሐል ሆኖ የሚታመን አይደለም። ሐኪም እንኳ ያለ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) እና ያለ ደም ምርመራ አይለየውም።

የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የነበሩት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1955 ዴንቨር ከተማ ጎልፍ ሲጫወቱ የተሰማቸውን ሕመም ምግብ አልተስማማኝም ብለው አለፉት። ሌሊት ሕመሙ በረታባቸው። ሃርት አታክ መሆኑን ያሳየው ኢሲጂ የተነሣው በማግስቱ ነው። የግል ሐኪም ከጎናቸው የማይለይ ሰው ላይ የደረሰው መዘናጋት በማንም ቤት ሊደርስ ይችላል።

በሴቶች፣ በስኳር ሕሙማንና በአረጋውያን ላይ ደግሞ የደረት ሕመም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ ድካም፣ ማስመለስ፣ የመንጋጋ ወይም የጀርባ ሕመም ብቻ ሊሆን ይችላል። የስኳር ሕመም ነርቮችን ስለሚጎዳ የሕመሙ ስሜት ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ሕመም ቤት ውስጥ ቢጀምር ሐኪም ጋር እስክንደርስ ምን እናድርግ? ምንስ አናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓትዎን ይዩና ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ይጻፉ። ሐኪሙ ቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ የሕክምናውን ዓይነት ይወስናል።

ቀጥሎ አምቡላንስ ይጥሩ። የሚጠራ አምቡላንስ ከሌለ ወይም እንደሚዘገይ ካወቁ ሌላ ሰው ይንዳ እንጂ ሕመምተኛው መሪ አይያዝ። የሚሄዱትም ቅርብ ወደሚገኝ ክሊኒክ ሳይሆን ኢሲጂና የድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ነው። ከመኪና እስከ አልጋ ያለውን መንገድ በእግሩ እንዲሄድ አይፍቀዱለት፤ እያንዳንዱ ርምጃ ደም ያጠረውን ጡንቻ ተጨማሪ ሥራ ያዘዋል።

አስፕሪን ካለ 300 ሚሊ ግራም ያኝክ። ባለ 100 ከሆነ ሦስት፣ ባለ 75 ወይም ባለ 81 ከሆነ አራት ፍሬ ማለት ነው። ማኘኩ ዋና ነገር ነው፤ ሳይታኘክ የተዋጠ፣ በተለይ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ የተሸፈነው ዓይነት፣ ሥራ ለመጀመር ይዘገያል። አስፕሪን የሚያስቆጣው ሰው፣ ደም እየፈሰሰው ያለ ወይም ደም የሚያስመልስ ሰው አይወስድም። ፊቱ የተጣመመ፣ አንድ ጎኑ የዛለ ወይም ንግግሩ የተሳሰረ ሰውም አይወስድም፤ እነዚህ የስትሮክ ምልክቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው፣ ከ17,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት አይሲስ-2 የተባለ ጥናት እንዳሳየው አስፕሪን ብቻውን በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት በልብና በደም ሥር ምክንያት የሚደርሰውን ሞት በ23 ከመቶ ቀንሷል። ለእንዲህ ያለ ርካሽና ትንሽ ፍሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጀርባውን አስደግፈው፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርገው ያስቀምጡት። ጠበብ ያለ ልብሱን ያላሉለት፣ በሩን ክፍት ያድርጉ። ቀደም ሲል ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን (የደም ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት) የታዘዘለት ከሆነ ተቀምጦ አንድ ይውሰድ፤ ቆሞ ከወሰደው ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ለወንዶች የግንኙነት ዐቅም የሚወሰዱትን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲልዴናፊል (ቪያግራ)፣ ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ታዳላፊል የወሰደ ሰው ናይትሮግሊሰሪን ፈጽሞ አይወስድም፤ ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ያሽቆለቁላል።

የማይደረገው ምንድን ነው? የሌላ ሰው የግፊት መድኃኒት አይሰጥም። ምግብ አይሰጥም። «በኃይል ሳል» የሚለው ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር ምክር ሃርት አታክን አያስቆምም፤ ጊዜ ብቻ ያባክናል። ከሁሉም የከፋው ግን «እስኪነጋ እንየው» ነው።

ሰውየው ራሱን ከሳተና በትክክል ካልተነፈሰ ነገሩ ተለውጧል፦ ልቡ ቆሟል። በጀርባው ጠንካራ መሬት ላይ ያስተኙትና በደረቱ መሐል፣ በጡቶቹ መካከል ባለው አጥንት ላይ ሁለት እጅዎን ደራርበው ይጫኑ። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። በአፍ መተንፈስ የሚችሉ ከሆነ ከ30 ግፊት በኋላ ሁለት ትንፋሽ ይስጡ፤ ካልቻሉ መጫኑን ብቻ ያለማቋረጥ ይቀጥሉ። አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ትንፋሽ ቢሰሙ «ይተነፍሳል» ብለው አያቁሙ። ያ የሚሞት ሰው ትንፋሽ ነው። የሚጫን ሰው ቶሎ ስለሚደክም በየሁለት ደቂቃው ይቀያየሩ።

ጥያቄ፦ እናቴን ድንገተኛ ክፍል ስንወስዳት «ኢሲጂው ችግር የለውም» ተባልን፤ ግን አስቀርተው ደም ደጋግመው ቀዱላት። በኋላ ሃርት አታክ ነው አሉ። መጀመሪያ ተሳስተው ነበር?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ እንዲያውም በአግባቡ ነው የሠሩት። የደረት ሕመም ይዞ የመጣ ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ሊነሣ ይገባል፤ የመጀመሪያው ንጹሕ ቢሆንም ሕመሙ ከቀጠለ ይደገማል። ቧንቧው በከፊል ሲዘጋ ኢሲጂው ላይ ምንም ላይታይ ይችላልና።

የደሙ ምርመራ ትሮፖኒን ይባላል። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። ችግሩ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተቀዳ ደም ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ እንደ መሣሪያው ዓይነት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ይደገማል። ሐኪሙ የሚፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ለውጥ ነው። ለአንባቢዎቻችን የሚጠቅመው ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ ከአንድ ንጹሕ ኢሲጂና ከአንድ ምርመራ በኋላ «ነጻ ነኝ» ብለው ፈርመው አይውጡ።

ኢሲጂው ቧንቧው ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ካሳየ ደግሞ መጠባበቅ የለም። ተመራጩ ሕክምና በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ የተዘጋውን ቦታ በፊኛ ከፍቶ፣ ስቴንት የሚባለውን የሽቦ መረብ ማስቀመጥ ነው። ይህ በ120 ደቂቃ ውስጥ የማይደረስበት ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ማሟሟቱ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሰዓታት ነው፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ጥቅሙ ይመነምናል። በቅርቡ ስትሮክ የያዘው፣ ከባድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም ደም የሚፈስሰው ሰው አይሰጠውም። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ሳይጠየቁም ቢሆን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ከአራት ወር በፊት ስቴንት ገብቶልኛል። አሁን ምንም አይሰማኝም። አምስት ዓይነት መድኃኒት መዋጥ ሰለቸኝ፤ ጥርሴንም ልነቀል ነው፣ ደም እንዳይፈስሰኝ የደም ማቅጠኛውን ላቁም?

መልስ፦ አያቁሙ። ይህን በጥብቅ የምንልበት ምክንያት አለን።

ስቴንቱ የከፈተው አንድ ቦታ ነው። በቧንቧዎቹ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሕመም ግን እንዳለ ነው፤ ደህና መሆንዎ የመድኃኒቶቹ ሥራ ነው። ስቴንቱም ራሱ ለደም ባዕድ ነገር ነው። የቧንቧው የውስጥ ሽፋን በላዩ አድጎ እስኪሸፍነው ወራት ይወስዳል። በዚህ መሐል መድኃኒት ከተቋረጠ ደም ስቴንቱ ውስጥ ይረጋል፤ ቧንቧው በአንዴ ይዘጋል። ይህ ብዙ ጊዜ ገዳይ ነው።

የሚወስዷቸው ምናልባት እነዚህ ይሆናሉ። አስፕሪን በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ። ክሎፒዶግሬል 75 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ወይም ቲካግሬሎር 90 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ፣ በአብዛኛው ለ12 ወር፤ የመድማት አደጋ ያለበት ሰው ላይ የልብ ሐኪሙ ሊያሳጥረው ይችላል። አቶርቫስታቲን ከ40 እስከ 80 ሚሊ ግራም። የልብ ምትን የሚያረጋጋ ቤታ ብሎከር፣ እና ግፊትን አውርዶ የልብን ቅርጽ የሚጠብቅ እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት።

አቶርቫስታቲንን ብዙ ሰው «ኮሌስትሮሌ ተስተካክሏል» ብሎ ይተወዋል። የተስተካከለው በመድኃኒቱ ነው፤ ሲተዉት በሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ሃርት አታክ ላለፈበት ሰው የአውሮፓ መመሪያ የሚያስቀምጠው ግብ መጥፎው ኮሌስትሮል (ኤል ዲ ኤል) ከ55 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች እንዲሆን ነው፤ በጤነኛ ሰው ውጤት ላይ «መደበኛ» ተብሎ ከሚጻፈው እጅግ ያነሰ። ስለዚህ የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ «መደበኛ» የሚለው ቃል ለእርስዎ አይሠራም። ጡንቻ ቢያምዎት ለሐኪሙ ይንገሩ፣ መጠን ወይም ዓይነት ይቀየራል። ሽንትዎ ጠቁሮ ጡንቻዎ ክፉኛ ከዛለ ግን በዚያው ቀን ይሂዱ።

ጥርስዎን በተመለከተ፣ አንድ ሁለት ጥርስ መንቀል ሁለቱንም የደም ማቅጠኛዎች እየወሰዱ ይቻላል። ለጥርስ ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት፤ ነቅሎ ጎዝ ያስነክስዎታል፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አጥብቀው ይነክሳሉ፣ ካስፈለገ ይሰፋል። የድድ መድማት ይቆማል፤ ስቴንት ውስጥ የረጋ ደም ግን ጊዜ አይሰጥም። ሊቆይ የሚችል ትልቅ ቀዶ ሕክምና ካለ የልብ ሐኪምዎና ቀዶ ሐኪሙ ተነጋግረው ጊዜውን ይወስኑ።

ሁለት ነገር እንጨምር። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ፤ ለልብ አደገኛ ናቸው፣ መድማትን ያባብሳሉ፣ አይቡፕሮፌን ደግሞ የአስፕሪንን ሥራ ያሰናክላል። ፓራሲታሞል ይሻላል። ለጨጓራ መከላከያ የሚታዘዝልዎት ከሆነና ክሎፒዶግሬል የሚወስዱ ከሆነ፣ ኦሜፕራዞል ሥራውን ስለሚያዳክምበት ፓንቶፕራዞል ይመረጣል። ቲካግሬሎር የጀመረ ሰው አልፎ አልፎ አየር ያጠረው ሊመስለው ይችላል፤ እንደ ኢናላፕሪል ያሉት ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ሁለቱም የሚቀየሩበት መንገድ ስላለ ራስዎ ከማቆም ይልቅ ይናገሩ። አንድ ቀን ቢረሱ ሲያስታውሱ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለቱን አያደራርቡ።

ጥያቄ፦ ከሆስፒታል ከወጣሁ አምስት ቀኔ ነው። ቤተሰብ ከአልጋ አያስነሣኝም። መቼ መራመድ፣ ዕቃ ማንሣት፣ ወደ ሥራ መመለስ እችላለሁ? አንድ የማፍርበት ጥያቄም አለኝ፤ ከባለቤቴ ጋር መገናኘትስ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ቤተሰብዎ የሚያደርገው ከፍቅር ነው፤ ግን ጊዜው ያለፈበት ሕክምና ነው። ድሮ ሃርት አታክ የያዘው ሰው እስከ ስድስት ሳምንት ከአልጋ እንዳይነሣ ይታዘዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ሕሙማንን በቶሎ ወንበር ላይ እያስቀመጡ ይህ እንደማይጎዳቸው አሳዩ። መተኛት ጡንቻን ያመነምናል፣ እግር ውስጥ ደም ያረጋል፣ ተስፋ ያስቆርጣል።

የተጎዳው የልብ ጡንቻ ጠንካራ ጠባሳ የሚሆነው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የእንቅስቃሴ ፕሮግራሙም ይህንኑ ይከተላል። በመጀመሪያው ሳምንት በሜዳ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይራመዱ። ከዚያ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ፤ ወደ ስድስተኛው ሳምንት ሳያቋርጡ 30 ደቂቃ መድረስ የተለመደ ነው። መጠኑን የሚለኩበት ቀላል ዘዴ ወሬ ነው፤ እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልክ ነው፣ ቃል በቃል እየቆረጡ የሚያወሩ ከሆነ ፍጥነቱ በዝቷል። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎችና የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ዝግ ይበሉ፤ ድንገት መቆም ግፊት ይጥላል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ደረት ከተጫነ፣ ካዞረዎት ወይም ምቱ ከተዘበራረቀ ይቁሙ፣ ይቀመጡ።

ዕቃ ማንሣት ከመራመድ ይለያል። ትንፋሽ ይዞ መታገል ግፊትን በቅጽበት ያንራል፤ በሆድ ድርቀት ማማጥም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም በላይ አያንሡ። ቱቦው በብሽሽት ከገባ ለአንድ ሳምንት፣ በእጅ አንጓ ከሆነ ለጥቂት ቀናት በዚያ በኩል ሸክም የለም። ደረታቸው ተከፍቶ ባይፓስ (ለደሙ የተዘጋውን ቧንቧ የሚያልፍበት አዲስ መንገድ የሚያበጅ ቀዶ ሕክምና) የተሠራላቸው ግን አጥንቱ እስኪገጥም ከ8 እስከ 12 ሳምንት መግፋት፣ መሳብና ማንሣት ይታገሡ።

የወንበር ሥራ ከሆነና ችግር ካልተከተለ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ መመለስ ይቻላል። የጉልበት ሥራ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል፤ ከመመለስዎ በፊት በመራመጃ ማሽን ላይ ልብዎ ቢፈተን ጥሩ ነው። መኪና ለመንዳት ቧንቧዎ ተከፍቶ ልብዎ በደንብ የሚረጭ ከሆነ አንድ ሳምንት ሊበቃ ይችላል፤ አለዚያ አራት ሳምንት ያህል ይታገሡ። በሚኖሩበት አካባቢ የልብ ማገገሚያ ፕሮግራም ካለ ይመዝገቡ፤ በተከታተሉት ሰዎች ላይ በልብ ሕመም መሞትና ዳግም ሆስፒታል መግባት ይቀንሳል።

የሚያፍሩበት ጥያቄ የሚያሳፍር አይደለም፤ ብዙ ትዳር በዝምታው ይጎዳል። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያቋርጡ ወጥተው ደረትዎ ካልተጫነና ትንፋሽዎ ክፉኛ ካላጠረ፣ ልብዎ ግንኙነትን ይችላል። ችግር ላልተከተለበት ሰው ይህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሆናል። ፍላጎት ወይም ዐቅም ከቀነሰ ፍርሃቱ ወይም ቤታ ብሎከሩ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም ይንገሩ። ናይትሮግሊሰሪን የታዘዘልዎት ከሆነ ሲልዴናፊልና መሰሎቹን ከጓደኛ ተቀብለው አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ አሁን ደረቴ ላይ ትንሽ ነገር በተሰማኝ ቁጥር «ተመለሰብኝ» እያልኩ እደነግጣለሁ። እንዴት ልለየው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ሕመምዎ ምን ይመስል እንደነበር ያስታውሱ። አዲሱ እሱን ከመሰለ፣ በጥረት መጥቶ በዕረፍት ከጋበ ወይም በዕረፍት ላይ ከመጣ፣ ቁምነገር ነው። ይቀመጡ፣ አንድ ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር ያድርጉ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለዎት አምቡላንስ ይጥሩ። ራስ ምታት ማስከተሉ የተለመደ ነው። ፍሬዎቹ በብርሃንና በሙቀት ስለሚበላሹ ከመጡበት ጠርሙስ አውጥተው በሌላ ዕቃ ወይም በኪስዎ ልቅ አያድርጓቸው።

በአንድ ጣት የሚጠቁሙት፣ ሲነኩት የሚያም፣ ለሰከንዶች ብቻ ውግት አድርጎ የሚጠፋ ሕመም ብዙውን ጊዜ የጡንቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ሲተነፍሱና ሲተኙ የሚብስ፣ ወደ ፊት ሲደገፉ የሚቀል ስለታማ ሕመም ደግሞ የልብ ሽፋን መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ አባቴ ከታመሙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ልባቸው ጥሩ ነው ተብሏል። ግን ሌሊት አይተኙም፣ ሰው ማነጋገር ትተዋል፣ መድኃኒታቸውንም «ምን ያደርግልኛል» ይላሉ።

መልስ፦ ከሃርት አታክ በኋላ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ የድባቴ ሕመም ይይዘዋል። እንደ አባትዎ ያሉ ታላላቆች ስለ ኀዘናቸው አይናገሩም፤ በዝምታቸው፣ በእንቅልፋቸውና መድኃኒት በመተዋቸው ይታወቃል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። ለልብ ሐኪማቸው እርስዎ ራስዎ ይንገሩ። እንደ ሰርትራሊን ያሉ በልብ ሕሙማን ላይ የተሞከሩና ለልብ የማያሰጉ መድኃኒቶች አሉ፤ የምክር ሕክምናም ይረዳል። ሁሉንም ነገር አይሥሩላቸው። በየቀኑ አብረዋቸው ይራመዱ፤ ርምጃው ለልባቸውም ለመንፈሳቸውም መድኃኒት ነው።

ጥያቄ፦ ሲጋራ ከአንድ ፓኬት ወደ ሁለት ፍሬ አውርጃለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ ጥረትዎን እናከብራለን፤ ግን አይበቃም። በቀን አንዲት ሲጋራ፣ 20 ማጨስ በልብ ላይ ከሚጨምረው አደጋ ግማሽ ያህሉን ይዛ ትመጣለች። ለሳንባ መቀነስ ይጠቅማል፤ ለደም ቧንቧ ግን የሚያዋጣው ጨርሶ መተው ነው። ከሃርት አታክ በኋላ ያቆመ ሰው ካላቆመው ጋር ሲነጻጸር የመሞት ዕድሉ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። የኒኮቲን ፕላስተር ወይም ማስቲካ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ከሲጋራው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤቴ ላይ 35 ከመቶ ተብሎ ተጽፏል። 65 ከመቶ የሚሆነው ልቤ ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቁጥሩ የሚነግርዎት ግራው የልብ ጓዳ ከያዘው ደም ውስጥ በአንድ ምት ምን ያህሉን እንደሚረጭ ነው። ጤነኛ ልብም 100 አይረጭም፤ ከ55 እስከ 70 ከመቶ ነው የሚረጨው። የእርስዎ መነሻ እንግዲህ 60 ገደማ እንጂ 100 አልነበረም።

ደግሞም ቧንቧው ከተከፈተ በኋላ በሕይወት ያለ ግን የደነዘዘ ጡንቻ አለ፤ ሳይሞት ለሳምንታት ሥራ ያቆማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታየ ቁጥር ስለዚህ የመጨረሻ አይደለም። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል፤ በብዙ ሰው ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። መድኃኒቱን ሁሉ እየወሰዱም ቢሆን ከ40 ቀን በኋላ ከ35 በላይ ካልወጣ፣ ልብ ድንገት እንዳይቆም የሚጠብቅ መሣሪያ ከቆዳ ሥር ስለ ማስቀመጥ ሐኪምዎ ያነጋግርዎታል።

እስከዚያው ሚዛን ይኑርዎት። በየማለዳው ሽንት ቤት ደርሰው፣ ከቁርስ በፊት፣ ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው ይመዘኑና ቁጥሩን ይጻፉ። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ግራም ከጨመሩ ስብ ሳይሆን ውኃ ነው የተጠራቀመው፤ እግርዎ እስኪያብጥ ወይም ትንፋሽዎ እስኪያጥር ሳይጠብቁ ይደውሉ። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን፤ ታሽገው በሚሸጡ ምግቦች ውስጥ ያለውንም ይቁጠሩ። ሲተኙ የሚደራርቧቸው ትራሶች ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ካደገም ከክብደቱ ጎን ይጻፉትና ደብተሩን በቀጠሮዎ ቀን ይዘው ይሂዱ።